ከፋንታዬ ጎን ያለችው ወንበር

የበደለኝ ሰው ቲቸር ይመር ይባላል። የበደለኝም መንግሥት በተቀየረ በጥቂት ዓመቱ፣ በግንቦት ወር፣ ኮምቦልቻ ላይ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። አንቱ ማለቱን ከዚያን ቀን ጀምሮ ትቼዋለሁ፤ እዚህም ላይ አልመልሰውም። የሚከፋው ካለ ይክፋው።

ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ልደርስ ወደ ደጋን እየወረድኩ ነበር። ሚኒባሱ የሐረጎን ቁልቁለት ሲጠማዘዝ የፍሬን ሽታ ገባ፤ ጉሮሮ የሚይዘው፣ የተቃጠለ ነገር የሚሸተው። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ አፍንጫዋን በሻርፗ ይዛ «ኧረ ሹፌር፣ ልንቃጠል ነው እንዴ?» አለች። «አብሽሪ እህቴ፣ የሐረጎ ሽቶ ነው፣ በነፃ ነው» ብሎ ሹፌሩ ሲመልስላት መኪናው በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ያ ሽታ እኔን ሁልጊዜ ወደ አንድ ግንቦት ነው የሚወስደኝ። ያኔ ከደሴ ኮምቦልቻ ሁለት ብር ነበር። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው!» እያለ ይጮሃል፤ ገብተሽ ስታዪው ግማሹ ባዶ ነው። ደሴ ጉም ለብሳ ሹራብሽን አጥብቀሽ ትሳፈሪያለሽ፤ ቁልቁለቱ ሲጋመስ ሹራቡ ይከብድሻል፤ ኮምቦልቻ ስትደርሺ በእጅሽ ይዘሽው ትወርጃለሽ። ዛሬም ያው ነው። የተለወጠው ዋጋው ብቻ ነው።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ፒያሳ፣ ከካሴት ቤቱ ጎን፣ በረንዳ ተከራይቶ አንድ የስፌት መኪና አቁሞ ይሠራ ነበር። ካሴት ቤቱ ባቲና አምባሰል ሲያዘፍን ይውላል፤ አባቴ ሳያውቀው እግሩ ፔዳሉን በዜማው ይረግጣል፤ ዘፈኑ ሲፈጥን ስፌቱ ይፈጥናል። ሻይ በስሙኒ፣ ሳምቡሳ ትኩስ ትኩሱን ከማዶ ይመጣለታል። የዚያን ጊዜ ወጣት ከባቲ የሚመጣውን ሰልባጅ እየገዛ፣ እጅጌውን ለማሳጠር፣ ወገቡን ለማጥበብ ወደ እሱ ይጎርፋል። የሞተ ፈረንጅ ልብስ ነው እያሉ የሚቀልዱም ነበሩ። «የሞተም ይሁን የዳነ፣ ትከሻው ሰፊ ነበር» ይል ነበር አባቴ ኮቱን ወደ ብርሃን አንስቶ እያየ። ወደ ብርሃን የሚያነሳው ግን ለቀልድ አልነበረም። ዓይኑ እየደከመ ነበር። ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ለቀኑ የሚበቃ መርፌ ክር አስገብቼለት መርፌ መሰኪያው ትራስ ላይ ሰክቼለት እሄዳለሁ። መጀመሪያ ጥቁሩን ክር ብቻ ነበር የማስገባለት፤ ቆይቶ ነጩም ተጨመረ።

ያኔ ነው ቁጭ ብዬ ያሰብኩት። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ማትሪክ ወስጄ፣ ሜዲስን ገብቼ እስክወጣ ድረስ ይህ ዓይን አይጠብቀኝም። አንድ ዓመት ከየትም ብዬ መስረቅ አለብኝ። መስረቁን እችልበት ነበር፤ አምስተኛንና ስድስተኛን በአንድ ዓመት ደብል መትቼ ነው ያለፍኩት። ስለዚህ አሥራ አንደኛ እያለሁ በግል ማትሪክ ልፈተን ወሰንኩ። ሜዲስን ለመግባት ከአራት ነጥብ ብዙ መጉደል እንደማይቻል አውቃለሁ። በወሎ ምድር ስንት ልጅ ለዚያች ቦታ እንደሚሻማም አውቃለሁ። ፈሪ አልነበርኩም።

ቲቸር ይመር የሂሳብ አስተማሪዬ ነበር። ረጅም፣ ቡናማ ኮት የሚለብስ፣ የኮቱ ኪስ አፍ ሁልጊዜ በጠመኔ የነጣ ሰው። ያከብረኝ ነበር፤ ይህን አልክድም። የአሥራ ሁለተኛን የሂሳብ መጽሐፍ ያዋሰኝ እሱ ነው። መልመጃውን ሠርቼ ስወስድለት በእረፍት ሰዓት ሳሩ ላይ ቁጭ ብሎ ያርምልኛል፤ ከመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ መጨረሻው። በክፍል ፊት «ይቺ ልጅ እናንተ የምትሄዱበትን መንገድ ሄዳ ተመልሳለች» ሲል ወንዶቹ ከኋላ «ስትመለስ ምን ይዛልን መጣች?» እያሉ ያሾፉ ነበር። የምዝገባው ጊዜ ሲደርስ እስከ አባቴ በረንዳ ድረስ መጣ።

«ደሴ አትመዝገቢ» አለኝ።

«ለምን ቲቸር?»

«እዚህ ሁሉም ያውቅሻል፤ ምቀኛው ብዙ ነው። ኮምቦልቻ የባለቤቴ ቤተሰቦች አሉ። እነሱ ጋ ታርፊያለሽ፣ በሰላም ትፈተኛለሽ። ምዝገባውን ለኔ ተዪው።»

አባቴ ከመኪናው ተነስቶ በሁለት እጁ ጨበጠው። «ኸይርዎን አላህ ይክፈለዎት። እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፣ ልጄን ለእርስዎ ሰጥቻለሁ» አለው። ከዚያ ደንበኛ አዝዞት ከተረፈው ግራጫ ሱፍ ጃኬት ሰፋልኝ፤ ገበሩ ቀይ፣ አዝራሩ የወንድ ኮት አዝራር። ለኮምቦልቻ ሙቀት የሚሆን አልነበረም። እኔ ግን ለብሼው ወረድኩ።

የቲቸር ይመር የሚስቱ ቤተሰቦች ቤት ከቦርከና ወንዝ ብዙም አይርቅም ነበር። ግቢው ፓፓያ ነበረበት፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጥሩምባ ሲነፋ ዶሮዎቹ ይደነግጣሉ። የሚስቱ ታናሽ እህት ፋንታዬ እዚያ ነበረች። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድማ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ፣ ነጥብ አልመጣላትም፣ እንደገና በግል ልትፈተን ነው። ፀጉሯን ፍሪዝ ተሠርታ፣ ጥፍሯን ቀብታ፣ መጽሐፉን ጭኗ ላይ ዘርግታ ዓይኗ በር በሩን ያያል። ክፉ ልጅ አልነበረችም። አንድ አልጋ ላይ ተኛን። ያልገባትን ትጠይቀኛለች፣ አስረዳታለሁ፣ ጠዋት ትረሳዋለች። እናቷ እኔን ስትቀልብ ሰነበተች። ጠዋት እንቁላል፣ ቀን ሥጋ፣ ማታ ወተት። «ብዪ እንጂ ልጄ፣ ጭንቅላት ያለ ቅቤ አይሠራም» ትለኛለች። እኔም እበላለሁ፤ የወሎ ሰው እንግዳ ያከብራል ብዬ። ለአረፋ የሚቀለብ በግም እንደኔው ደግ ቤት የገባ ይመስለው ይሆናል።

ፈተናው በተጀመረበት ጠዋት ነው የገባኝ። ተፈታኝ የሚቀመጠው በእንግሊዝኛ ፊደል በስም ተራ ነው። ፋንታዬ ተጠራች፣ ተቀመጠች። ቀጥሎ እኔ። ስሜ ፋጡማ ነው። ኮምቦልቻ ፋጡማ ሞልቷል፤ የአባቴ ስም አሊ ስለሆነ ግን ከፋጡማዎቹ ሁሉ ፊት የምጠራው እኔ ነኝ። ወንበሬ ከፋንታዬ ወንበር ጎን ሆነች፤ በመሃላችን ክንድ የማያህል ክፍተት። ይህን ቲቸር ይመር ገና ደሴ ሳለ አስልቶታል። የሂሳብ አስተማሪ ነው።

ጥፋት ነው የሚል ካለ ይበል፣ ወረቀቴን አልሸፈንኩም። ሳምንት ሙሉ የበላሁበት ቤት ልጅ ናት። እንጀራዋን በልቼ በክንዴ ልጋርድባት? ከእኛ አገር ልጅ ይህን የሚያደርግ ካለ ያሳዩኝ። ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ። በሦስተኛው ቀን ሂሳብ ነበር። ፋንታዬ በጣም ተጠጋች። ፈታኙ፣ ከሌላ አገር የተላከ ቀጭን ሰውዬ፣ ድምፅ ሳያሰማ ከኋላችን መጥቶ ሁለቱንም ወረቀት አነሳ። አንዱን ባንዱ ላይ አድርጎ አየ። የሳትኩትን እንኳ እንደኔው ስታለች። «ተነሱ» አለን።

ቢሮ ወሰደን። የጣቢያው ኃላፊ ወፍራም፣ ላቡን በመሐረብ የሚጠርግ ሰው ነበር።

«ከሁለት አንዳችሁ ቀድታለች። ማን ናት?»

ፋንታዬ ማልቀስ ጀመረች። እኔ «እኔ አይደለሁም ጋሼ» አልኩ። ኃላፊው በሩን ከፍቶ ከደሴ ተመድቦ በጎረቤት ክፍል ሲፈትን የነበረውን ቲቸር ይመርን ጠራው። ቲቸር ይመር ሲገባ ልቤ ተመለሰች። መጣልኝ አልኩ። ወላሂ እንደዚያ ነው ያልኩት።

«ልጆቹን ታውቃቸዋለህ?» አለው ኃላፊው።

«አውቃቸዋለሁ።»

«እህስ?»

ቲቸር ይመር መነጽሩን አውልቆ በኮቱ ጫፍ ጠረገ። እኔን አላየኝም። «ያቺኛዋ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳለች» አለ። «ይቺ ደግሞ ገና አሥራ አንደኛ ናት።»

ያለው ይህንኑ ነው። አንድም ውሸት የለበትም። ሰው በውሸት ሲመሰክርብሽ ውሸቱን ታጋልጫለሽ፤ በእውነት ሲመሰክርብሽ ምን ትያለሽ? ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ። አሥራ አንደኛ ሆኜ ማትሪክ መድፈሬ ራሱ ወንጀሌ ሆኖ ፊቱ ላይ ታየኝ። «ጥያቄ ይስጡን» አልኩት። «አሁን፣ እዚሁ፣ የፈለጉትን ይስጡን። እኔም ልሥራ፣ እሷም ትሥራ።» ሰውዬው አመነታ። «ምን ይመስልሃል?» ብሎ ቲቸር ይመርን ጠየቀው። አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ለእሱ እስትንፋስ የመሳብ ያህል ነበር። ጠመኔው ኪሱ ውስጥ ነበር።

«ሰዓቱ እየሄደ ነው» አለ። «የሌሎቹን ልጆች ፈተና ባንረብሽ።»

ፋንታዬ እንባዋን ጠርጋ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። የእኔ የሦስት ቀን ሥራ በሙሉ ተሰረዘ፤ በመጪው ዓመትም እንዳልፈተን ታገድኩ። ዕቃዬን ልወስድ ስሄድ እናቷ ከበር ላይ ተቀበለችኝ። ቦርሳዬን አዘጋጅታው ነበር፤ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። «አይዞሽ ልጄ፣ ያንቺ ጊዜ ገና ነው» ብላ ሁለት ፓፓያ ለመንገድ ሰጠችኝ። ሐረጎ ላይ፣ መኪናው እያቃሰተ ሲወጣ፣ አንድ በአንድ በመስኮት ወረወርኳቸው። ጃኬቱን ለብሼ ደሴ ገባሁ።

አባቴ አልተቆጣኝም። በማግስቱ ስፌቱን ትቶ ቲቸር ይመር ቤት ሄደ፤ ነገሩን ሊጠይቅ። ሲመለስ የያዘው መልስ ይህ ነበር፦ «ልጅዎ ጎበዝ ናት፣ ግን ቸኮለች። ይምከሯት።» ይህን ለአባቴ ብሎታል። አባቴም ይቅርታ ጠየቀው። ስለ እኔ ይቅርታ ጠየቀው። ከዚያ በኋላ ቲቸር ይመር ሱሪ ሊያሳጥር ሲመጣ አባቴ ሒሳብ አይቀበለውም ነበር። እኔ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ለዚያ ሱሪ የሚሆነውን ክር መርፌ ውስጥ አስገብቻለሁ። ብዙ ነገር ይረሳል። ይሄ አይረሳም።

በዚያ ዘመን ፎቶኮፒ ማሽን ደሴ ገና መግባቱ ነበር፤ አራዳ ላይ አንድ ቤት ተከፍቶ ሰው ለትንግርት ይሰለፋል። ስሜ ፎቶኮፒ ሆነ። አሥራ ሁለተኛን ስማር፣ ከዚያም እገዳው እስኪያልቅ ቤት ስቀመጥ፣ ሰኞ ገበያ ሽንኩርት ልገዛ ስሄድ እንኳ «ፎቶኮፒ፣ ወረቀት ጨርሰሻል?» የሚለኝ አይጠፋም። አንድ ዓመት ልሰርቅ ወጥቼ ሁለት ዓመት ተሰረቅሁ። በመጨረሻ ስፈተን ከጥያቄው ይልቅ አጠገቤ ያለችውን እየጠበቅሁ ወረቀቴን በሁለት ክንዴ አቅፌ ነው የሠራሁት። ነጥቡ ለዲፕሎማ በቃ። የላብራቶሪ ሥራ ተማርኩና ዕድሜዬን በሙሉ ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በሚኒባስ እየተመላለስኩ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ ብዬ የሰው ደም ሳይ ኖርኩ። የአባቴ ዓይን የጠፋው ገና ተማሪ እያለሁ ነው። ፋንታዬ ሐኪም ሆናለች። በእኔ የእንግሊዝኛና የሂሳብ መልስ አዲስ አበባ ገባች፤ ከዚያ በኋላ ግን ራሷ ተምራ ይሆናል፣ አላውቅም። ዶክተር ፋንታዬ ናት። ልጆች አሏት። ሰው ይወዳታል።

ካቻምና፣ አንድ እሑድ፣ ቲቸር ይመር ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ ቤቴ መጣ። አርጅቷል፣ በምርኩዝ ነው የሚሄደው። ልጆቹ ገንዘብ አዋጥተው ሐጅ ሊልኩት ነው። የእኛን አገር ወግ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሐጅ የሚሄድ ሰው ያስቀየመውን ሁሉ እየዞረ አውፍ በሉኝ ይላል። የሰው ሐቅ ተሸክሞ እዚያ ቤት አይደረስም። አስቀመጥኳቸው። ውኃ ሰጠኋቸው፣ ከውኃ ሌላ አልሰጠሁም።

«ፋጤ» አለኝ። ፋጤ የሚለኝ አባቴ ብቻ ነበር። «ታውቂዋለሽ የመጣሁበትን።»

«አላውቀውም። ንገረኝ።»

አንደኛው ሽማግሌ ደንገጥ ብሎ «ኧረ ልጄ፣ አስተማሪሽ አይደሉም እንዴ? አንቱ በይ እንጂ» አለኝ።

«እርስዎን አንቱ እላለሁ አባባ» አልኩት። «እሱ ይንገረኝ።»

ቲቸር ይመር ወለሉን እያየ ተናገረ። ኮምቦልቻ የላከኝ ለፋንታዬ ብሎ እንደሆነ፣ ሚስቱ አላስቀምጥ ብላው እንደነበር፣ ቢሮ ውስጥ ማን ከማን እንደቀዳ እያወቀ ዝም ማለቱን፣ ሁሉንም። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም፤ መማሪያ ክፍል ውስጥ እንዳለ ተራ በተራ ነው ያስቀመጠው። ሲጨርስ ሽማግሌው «አልሐምዱሊላህ፣ ተናገሩ፣ ቀለላቸው። በይ አንቺም አውፍ በይና እንሂድ» አለ።

«ያዋረደኝ በሁለት ሰው ፊት ነው?» አልኩ። «ደሴ ሙሉ ነው ፎቶኮፒ ያለኝ። አባቴ እንደተሸማቀቀ ሞተ። የመሸኛው ዱዓ ቀን፣ ሰዉ በተሰበሰበበት፣ አሁን ያለውን ይድገመው። ያኔ አውፍ እላለሁ። ከልቤ እላለሁ።»

«ፋንታዬስ?» አለ ቲቸር ይመር። «ስሟ አለ፣ ልጆቿ አሉ።»

«እኔም ስም ነበረኝ።»

ምርኩዙን ወለሉ ላይ ተክሎ «እሺ» አለ። ሽማግሌዎቹ ሰምተዋል።

የዱዓው ቀን ግቢው ሞልቶ ነበር። ድንኳን ተጥሏል፣ በሬ ታርዷል፣ የቀድሞ ተማሪዎቹ እንኳ ከአዲስ አበባ መጥተዋል፤ ግማሾቹ ያኔ ከኋላ ተቀምጠው የሚያሾፉት ናቸው፣ ሸብተዋል። ፋንታዬ ከሚስቱ ጎን ተቀምጣ አየኋት። ነጭ ሻሽ አድርጋለች። አየችኝና ዓይኗን ወደ ልጇ መለሰች። ሸኹ ዱዓውን አሳርገው ሲጨርሱ ቲቸር ይመር ምርኩዙን ተደግፎ ተነሳ። «ሰው ነኝና ያስቀየምኳችሁ፣ ያወቅሁትንም ያላወቅሁትንም፣ ለአላህ ብላችሁ አውፍ በሉኝ» አለ። ሁሉም ባንድ ድምፅ «አውፍ ብለናል!» አለ። ቲቸር ይመር ተቀመጠ።

ሸኹ እንደ ወጉ «ሐቅ አለኝ የሚል ካለ ዛሬ ይናገር» አሉ። እንዲህ ሲባል ማንም አይናገርም። እኔ ተነሳሁ።

«እኔ አለኝ» አልኩ።

ሴቶቹ ነጠላዬን ጎተቱኝ። አንዷ «ኧረ ተይ፣ የአላህ እንግዳ ነው፣ እንዴት ይህን ቀን ታበላሺበታለሽ?» አለችኝ። እጇን ከነጠላዬ ላይ አነሳሁና ተናገርኩ። ኮምቦልቻን፣ የስም ተራውን፣ ቢሮውን፣ «ገና አሥራ አንደኛ ናት» ያላትን ቃል፣ አባቴን ይምከሯት ማለቱን። የፋንታዬን ስም ጠራሁ። ድምፄን አላነሳሁም፤ ድንኳኑ ዝም ስላለ አላስፈለገም።

ሚስቱ «ቅናት ነው! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቅናት!» ብላ ጮኸች።

ሸኹ በእጃቸው ጸጥ አሰኟት። «ይመር፣ ልጅቱ የምትለው እውነት ነው?»

ቲቸር ይመር ቀና ብሎ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ሚስቱን፣ ከዚያ ፋንታዬን። አብረውት ቤቴ የመጡት ሁለቱ ሽማግሌዎች እዚያው ነበሩ፤ እነሱንም አየ። ጠበቅሁት። አንድ «አዎ» ብቻ ነበር የምፈልገው፤ ቢለኝ ኖሮ ቃሌን እጠብቅ ነበር። አንገቱን ደፋ፣ ዝም አለ።

«እንግዲህ አውፍ አላልኩም» አልኩና ወጣሁ።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ ተመልሰው መጡ። በሩን አልከፈትኩም። ልጆቹ ሂድ አሉት፣ ሸኹም አላህ መሐሪ ነው፣ ሂድ አሉት። እሱ ግን የሰው ሐቅ ይዤ ካዕባን አልዞርም ብሎ ቀረ። በዚያ ዓመት አልሄደም። አሁን ደግሞ እግሩ እንደማያንቀሳቅሰው እሰማለሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ጂዳ ያለው ወንድሜ ወጪዬን ችሎ ሐጅ ወሰደኝ። ከመሄዴ በፊት ሰፈሩን በሙሉ ቤት ለቤት ዞሬ አውፍ በሉኝ አልኩ። በቲቸር ይመር በር ግን ሳልቆም አልፌ ሄድኩ።